«ሾፌር ነኝ ብዬ መጥቼ የአማቴን መኪና ማስነሳት አቃተኝ»

ሰላም ለእናንተ። ባለቤቴ ይህን ዓምድ ስታነብ ከጎኗ ሆኜ አነባለሁ። አንድ ቀን ራሴ እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ጉዳዬ ለሰው ሲነገር ያስቃል፤ እኔን ግን እንቅልፍ ነስቶኛል።

የ44 ዓመት ሰው ነኝ። አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ ከተማ አሥራ አምስት ዓመት ኖሬአለሁ። እንጀራዬ መኪና መንዳት ነበር። መጀመሪያ ታክሲ፣ ከዚያ ሰው በስልኩ የሚጠራውን ነዳሁ። በረዶ ላይ ነድቻለሁ። ሰው ሁሉ በተኛበት ሰዓት ኤርፖርት ተመላልሻለሁ። ልጆቼን ያሳደግኩት በመሪ ነው። ታዲያ የነዳኋቸው መኪኖች በሙሉ አውቶማቲክ ነበሩ። አገሬ እያለሁ መንጃ ፈቃድም አልነበረኝ፣ ማርሹ በእጅ የሚቀየር፣ ማንዋል የሚባል ነገር ነክቼም አላውቅም።

ዘንድሮ የባለቤቴ አባት ስለታመሙ ወደ ትውልድ ከተማዋ ድሬዳዋ መጣን። አማቴ በጉብዝናቸው ጊዜ ሐረር ላይ ፔጆ ታክሲ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። አሁን ስኳር አለባቸው፣ ዐይናቸውም ደክሟል፣ መንዳት ካቆሙ ቆይተዋል። መኪናቸው ግን ግቢ ውስጥ ቆማለች። ቶዮታ ሃይሉክስ ፒክአፕ ናት፣ ናፍጣ፣ ማንዋል። ሐኪማቸው ሐረር ስለሆነ በየጊዜው በደንገጎ ዳገት መውጣትና መውረድ አለ። እኔ ስመጣ ሰው ሁሉ «በቃ ሾፌር መጣልን» አለ።

በመጣን ሰሞን ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ ቡና እየተጠጣ አማቴ ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። እስኪ ዙርባት አሉኝ። ሞተሩን አስነሳሁ፤ ፍሪሲዮኑን፣ ሞተሩን ከጎማው የሚለየውን የግራ እግር ፔዳል፣ ስለቅ መኪናዋ ዘላ ጠፋች። ደገምኩ፣ ደግማ ጠፋች። እንደምንም በሩ ጋ ስደርስ ከፍታው ላይ ወደ ኋላ ተንሸራተትኩና የአጥሩን ቆርቆሮ አጎበጥኩት። ባጃጅ የሚነዳው የባለቤቴ ታናሽ ወንድም፣ የ22 ዓመት ልጅ፣ «አቦ ጋሼ፣ አሜሪካ መኪናው ራሱ ነው እንዴ የሚነዳው?» አለኝ። ግቢው በሳቅ ፈረሰ። አማቴ ብቻ አልሳቁም። ምንም ሳይሉ ቁልፉን ከእጄ ተቀብለው ለባለቤቴ ሰጧት። እሷ አሜሪካ ሳትሄድ በፊት መንጃ ፈቃዷን ያወጣችው በማንዋል ነው።

ከዚያ ወዲህ የምትነዳው እሷ ናት። እኔ ወገቤን አሞኛል ብዬ ከጎኗ እቀመጣለሁ። ሰው መንገድ ላይ ሲያየን ጭንቅላቴን ወደ ስልኬ አቀረቅራለሁ። ላስተምርህ ብላ ሰቢያን አካባቢ ወስዳኝ ነበር። ጮኸችብኝ፣ እኔም ጮህኩባት፣ ተኮራርፈን ሰነበትን።

አሁን ያሰብኩት መኪናዋን ሸጠን፣ እኔ ካለኝ ጨምሬበት አውቶማቲክ እንድንገዛ ነው። ባለቤቴ «አባቴ በቁሙ እያለ መኪናውን አትሸጥም» ብላ ተቆጣች። ባለፈው ሳምንት ደግሞ አማቴ «ወገብህ እንዴት ሆነ?» አሉኝ። አምነውኝ ይሁን ነቅተውብኝ አላወቅኩም። ምን ላድርግ? በዚህ ዕድሜዬ ለዚያ ልጅ እጅ ሰጥቼ አስተምረኝ ልበል? ወይስ መኪናዋ ትቀየር? እንዲህ ያለ ተራ ነገር ለምን እንዲህ አሳነሰኝ?

ወገቤን ያመመኝ ነኝ፣ ከድሬዳዋ

መልስ

ወንድሜ ባለ ወገቡ፣

እውነቱን ልንገርህ፣ የአማችህ ንግግር ላይ ስደርስ ሳቅሁ። አቀርቅረህ ስልክህን የምታይበት ቦታ ላይ ግን ሳቄ ቆመ። አንተ ተራ ነገር ትለዋለህ፤ እኔ ተራ አልለውም። አሥራ አምስት ዓመት ቤተሰብ ያኖርክበት ሙያ በዘመድ ፊት፣ በቡና ሰዓት፣ በአንድ አፍታ ከእጅህ ሲወሰድ ማን ነው የማይከፋው? ሐኪም ወይም ግንበኛ ብትሆን ኖሮ መኪናዋ ስትጠፋብህ አንተም አብረህ ትስቅ ነበር። ያቃተህ ነገር «እችለዋለሁ» ብለህ የመጣህበት ብቸኛ ነገር ሆነና ነው።

እስኪ መጀመሪያ ያጣኸውንና ያላጣኸውን እንለይ። አሜሪካ ውስጥ ከሚሸጡት አዳዲስ መኪኖች ማንዋሎቹ ከመቶ ሁለት እንኳን አይሞሉም። እንኳን አንተ፣ እዚያው የተወለደውም ሰው አብዛኛው ማንዋል አይችልም። ደግሞ መንዳት ማለት በአብዛኛው ዐይን ነው፣ ርቀት መገመት ነው፣ ከፊትህ ያለው ሰው ምን ሊያደርግ እንደሆነ ቀድሞ ማወቅ ነው፣ ትዕግሥት ነው። ይሄ ሁሉ አለህ። የጎደለህ የግራ እግርህና የቀኝ እጅህ ሥራ ነው። ግራ እግርህ አሥራ አምስት ዓመት ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል፤ አሁን በድንገት ና ተብሎ ሲጠራ ደነገጠ። ከዜሮ ለሚጀምር ለማጅ ወራት የሚፈጅ ነገር ላንተ የሳምንታት ጉዳይ ነው። ቀን ቆርጠህ ግን ለማንም ቃል አትግባ፤ እስከ እንዲህ ያለ በዓል እነዳለሁ ካልክ ቤተሰቡ ሁሉ ቀን መቁጠር ይጀምራል።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅህ። በትክክል ያመመህ የቱ ነው? ሰው መሳቁ ነው ወይስ ባለቤትህ መንዳቷ? ለኔ መመለስ የለብህም፣ ለራስህ መልስ። የምጠይቅህ ለምን መሰለህ፤ ደብዳቤህ ውስጥ ባለቤትህ የምትታየው ወይ ስትነዳ ነው፣ ወይ ስትጮህ፣ ወይ ስትቆጣ። እሷ የታመመ አባቷን ልታስታምም የመጣች ሴት ናት። አባቷን ይዛ ደንገጎን ትወጣለች፣ ትወርዳለች፣ ማታ ቤት ስትገባ ደግሞ ያኮረፈ ባል ይጠብቃታል። ሰቢያን ላይ የጮኸችው ስለ ፍሪሲዮን ብቻ ይመስልሃል? ይህን የምለው ልወቅስህ አይደለም። ዛሬ ማታ አንድ ጥያቄ ብትጠይቃት፣ «ደክሞሻል አይደል?» ብትላት፣ ብዙ ነገር የሚላላ ስለሚመስለኝ ነው። እግረ መንገድህን ላስተማረችህም አመስግናት።

ባልና ሚስት መኪና ቢማማሩ መጨረሻው ኩርፊያ መሆኑን ግን አውቀህ አሁን ተወው። እሷ ከዚህ በኋላ አታስተምርህ። ያ ልጅም አያስተምርህ፤ ቢያንስ መጀመሪያ ላይ። ዕድሜው አይደለም ችግሩ። ወጣት ሾፌር አብዛኛውን ጊዜ የሚያደርገውን ያውቃል እንጂ እንዴት እንደሚያደርገው አያውቅም። «እንዲህ አድርገህ ልቀቅ በቃ» ይልሃል፣ አንተ ትለቃለህ፣ መኪናዋ ትጠፋለች፣ እሱ ይስቃል።

እዚያው ድሬ ካሉት የመንጃ ፈቃድ ማሰልጠኛዎች አንድ አሰልጣኝ ለጥቂት ሰዓታት ተነጋገርና ያዝ። በእሱ በኩል ፍሬን ያለው መኪና ይኑረው፤ ይሄ ልብህን ያሳርፈዋል። ገና ከመጀመሪያው ንገረው፦ «መሪና መንገድ እችላለሁ፣ ፍሪሲዮንና ማርሽ ብቻ ነው የምፈልገው»። አለበለዚያ መስታወት ከማስተካከል ጀምሮ ጊዜህንም ገንዘብህንም ይበላዋል። መኪናው ላይ የለማጅ ምልክት አለ፤ አዎ፣ የሚያውቅህ ሰው ያይሃል። አንድ ሰሞን ነው። ስልክህ ላይ ማቀርቀሩም እኮ ቀላል አልነበረም።

ሰዓቱን ማለዳ አድርገው፤ የድሬ ፀሐይ ከወጣች በኋላ የሚያልበው ሰው ይቆጣል እንጂ አይማርም። ከዚራ ላንተ የተሠራ ሰፈር ነው። ሜዳ ነው፣ መንገዱ ሰፊ ነው፣ ዛፍ አለው፣ በማለዳ ባጃጁም ቀነስ ይላል።

የመጀመሪያው ልምምድ ነዳጅ የሌለበት ይሁን። በተለይ የአማትህ መኪና ናፍጣ ስለሆነች ይሄ ትልቅ ዕድል ነው፤ የናፍጣ ሞተር በዝቅተኛ ዙር ጉልበት ስላለው ሜዳ ላይ ነዳጅ ሳትሰጠው ፍሪሲዮኑን ብቻ ቀስ ብለህ ብትለቅ ይነሳል። እንዲህ ነው፦ ተረከዝህን ወለሉ ላይ አሳርፍ። ፍሪሲዮኑን እስከ ታች ርገጥ፣ አንደኛ ማርሽ አስገባ። ቀኝ እግርህን ከሁሉም ነገር አንሳ። አሁን ግራ እግርህን በጣም በዝግታ ልቀቅ። አንድ ቦታ ላይ የሞተሩ ድምፅ ወረድ ይላል፣ መሪው እጅህ ውስጥ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፣ የመኪናው አፍንጫ ቀና ይላል። እዚያ ላይ እግርህን አቁም። አትልቀቅ፣ አትርገጥ፣ ዝም ብለህ ያዘው። መኪናው በራሱ ይሄዳል። ጥቂት እንደሄድክ ፍሪሲዮን ረግጠህ ፍሬን ያዝና አቁም። እንደገና። እንደገና። እስኪሰለችህ። ያቺን ቦታ እግርህ ሳታስብ እስኪያገኛት ድረስ ሁለተኛ ማርሽን አትመኝ። እንጀራ ጋጋሪ ምጣዱ መስማቱን በሰዓት አትለካም አይደል? አንተም ከዳሽቦርዱ ላይ ዐይንህን ነቅለህ በእግርህና በጆሮህ ያዘው።

ያን ቀን ግቢ ውስጥ የሆነው ምን እንደሆነ አሁን ይገባሃል። አውቶማቲክ ላይ የለመደ ሰው ፔዳል ሲለቅ አንዴ ነው የሚለቀው፤ ፍሬን መልቀቅ ነዋ የሚያውቀው። ፍሪሲዮን እንደዚያ ሲለቀቅ ሞተሩ ከቆመ ጎማ ጋር በአንድ ጊዜ ግጠም ይባላል። አይችልም፣ ዘሎ ይጠፋል። የእጅህ ችሎታ ጉዳይ አይደለም፣ የልማድ ጉዳይ ነው።

መኪናው እንደሚጠፋብህ ደግሞ ከወዲሁ ተቀበል። ሁሉም ሰው ላይ ይጠፋል። ሰውን የሚያሳፍረው መጥፋቱ ሳይሆን ከዚያ በኋላ ያለው መደናበር ነው፦ ከኋላ ክላክስ ይነፋል፣ እጅህ ቁልፉን ይፈልጋል፣ ማርሹ እንደገባ ቀርቷል፣ ትረሳለህ፣ ታስነሳለህ፣ እንደገና ይዘላል። ስለዚህ ለብቻው ተለማመደው። ሆን ብለህ አጥፋው። ፍሬን ያዝ፣ ፍሪሲዮን እስከ ታች፣ ቁልፍ፣ አንደኛ መሆኑን አረጋግጥ፣ ቀስ ብለህ ልቀቅ። ይሄን ተከታታይ እግርህና እጅህ ሲያውቁት ክላክሱ አያስቸግርህም። ድሬ ላይ ክላክስ ሰላምታም ስለሆነ ብዙ አትጨነቅበት።

ሁለተኛ፣ ሦስተኛ የሚለው ነገር ቀላል ነው፣ አሰልጣኙ ያሳይሃል። ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። ስትሄድ ግራ እግርህን ፍሪሲዮኑ ላይ አታሳርፍ፤ ሸራውን፣ ሞተሩን ከጎማው የሚያያይዘውን ክፍል፣ ይበላዋል። የአማትህ መኪና የፍሪሲዮን ሸራ ባንተ እግር ካለቀ ደግሞ ያኔ በእውነት ወገብህን ያምሃል። ስትቆም ደግሞ መጀመሪያ ፍሬን፣ መኪናው ሊቆም ሲል ነው ፍሪሲዮን። ብዙ ጀማሪ ፈርቶ ገና ከሩቅ ፍሪሲዮን ይረግጣል፤ ያኔ ሞተሩ ከጎማው ይለያይና መኪናው ዝም ብሎ ይንሸራተታል።

የበራችሁ ከፍታ ላይ የሆነውም መፍትሔ አለው፣ የእጅ ፍሬን ነው። ዳገት ላይ ስትቆም የእጅ ፍሬኑን ሳብ። አንደኛ አስገባ። ፍሪሲዮኑን ያቺ ቦታ ድረስ ልቀቅ፣ ትንሽ ነዳጅ ስጥ። አፍንጫው ቀና ሲል፣ ከኋላ የያዘህ ነገር ሲወጠር፣ ያኔ የእጅ ፍሬኑን አውርድ። ወደ ኋላ አንድ ስንዝር አትሄድም። የለመዱ ሾፌሮች ያለ እጅ ፍሬን በእግራቸው ብቻ ሲነሱ ታያለህ፤ ተዋቸው። አንዳንዱ ደግሞ ዳገት ላይ ቆሞ በፍሪሲዮንና በነዳጅ ብቻ መኪናውን ይይዛል። የተቃጠለ ሽታ የሚመጣው ከዚያ ነው።

ስታቆምም አንድ የምትረሳው ነገር አለ። ማንዋል ላይ እንደ አውቶማቲክ የቆመ መኪና ቆልፎ የሚይዝ «ፒ» የሚባል ነገር የለም። የእጅ ፍሬን ትስባለህ፣ ማርሽ አስገብተህ ትተወዋለህ፣ ተዳፋት ከሆነ ጎማ ሥር ድንጋይ ታስደግፋለህ። ጠዋት ስትመጣ ታዲያ መኪናው ማርሽ ውስጥ መሆኑን አትርሳ። ፍሪሲዮን ሳትረግጥ ቁልፍ ብታዞር ወደፊት ሊዘልብህ ይችላል፤ ከፊቱ ሕፃን ቢኖርስ? ሁልጊዜ፣ ሜዳም ላይ፣ ቁልፍ ከመንካትህ በፊት ፍሪሲዮን ርገጥ።

አሁን ወደ ደንገጎ። እስካሁን ያልኩህን ብታጠፋ ማፈር ነው፣ ቆርቆሮ ነው፣ ቢበዛ ሸራ ነው። እዚህ ላይ ግን ሕይወት ነው። ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በደንገጎ ወጥተህ ደጋው ላይ ስትደርስ ወደ 2000 ትጠጋለህ። ድሬ ሐረር ሃምሳ ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ ግን ይሄ ሁሉ ከፍታ የተከመረው አንድ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ነው። ስትወጣ ከፊትህ ጭኖ የሚያቃስት አይሱዙ ይኖራል። ሞተሩ ሳይለፋ፣ ገና ድምፁ ሲከብድ፣ ማርሽ ቀንስ። ሊጠፋ ሲንቀጠቀጥ ብትቀንስ ዘግይተሃል።

መውረዱ ነው ክፉው። አውቶማቲክ ላይ ቁልቁለት ማለት ላንተ ፍሬን ማለት ነበር። እዚህ መኪናውን የሚይዝልህ ሞተሩ ነው። ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ማርሽ ውስጥ ሆነህ ነዳጁን ስትለቅ ሞተሩ ራሱ ወደ ኋላ ይጎትትሃል፣ ፍሬን አልፎ አልፎ ብቻ ትነካለህ። ድሮ ሾፌሮች በወጣህበት ማርሽ ውረድ ይሉ የነበረው ለዚህ ነው። ፍሬን ረግጦ ረግጦ የሚወርድ ሰው ፍሬኑ ይግልበታል፣ የጋለ ፍሬን ደግሞ ብትረግጠውም አይዝም። ከሁሉም የከፋው ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ ማርሽ አውጥቶ በዜሮ መልቀቅ ነው። መንገድ ላይ ይህን የሚያደርግ ታያለህ፣ ምናልባት አማችህም ይመክርህ ይሆናል። አትስማው። ዛሬ ያሉት መኪኖች ማርሽ ውስጥ ሆነህ ነዳጁን ስትለቅ ለሞተሩ የሚሄደውን ነዳጅ ራሳቸው ይዘጋሉ። በዜሮ ስትለቅ የምታተርፈው ነገር የለም፣ መያዣህን ግን አጥተሃል። ይህን ባዶ መኪና ይዘህ፣ አሰልጣኝህ ከጎንህ ሆኖ፣ በቀን ብርሃን፣ እስኪበቃህ ሳትለማመድ አማትህን ጭነህ ደንገጎን አትውረድ። እዚህ ላይ ምክር ሳይሆን ልመና ነው ያለኝ።

ስለ አማትህ ያልኩት ትንሽ ነው። እሳቸው አለመሳቃቸውን አንተ እንደ ፍርድ ቆጥረኸዋል። እኔ ሌላ ነገር ነው የታየኝ። ሰውዬው የሐረር ፔጆ ሾፌር ነበሩ። ፔጆ 404ን የሚያውቅ ያውቃል፣ ማርሿ ከመሪው ጎን ናት፣ እጅህ ካላወቃት አትታዘዝም። እሳቸውም አንድ ቀን ጀማሪ ነበሩ። ሾፌር ደግሞ በሾፌር አይስቅም። ቁልፉን የወሰዱትም ሊያዋርዱህ አይመስለኝም፤ ያልተዘጋጀ ሰው በዚያ መንገድ እንደማይላክ ስለሚያውቁ ነው፣ አማች ይሁን ወንድ ልጅ። በሰው ፊት ቁልፍ መስጠታቸው ደስ አላለኝም፣ እሱን እቀበላለሁ። ግን እሳቸው የሰጡህ ትችላለህ ብለው ነው።

«ወገብህ እንዴት ሆነ?» ያሉህን ደግሞ ደግመህ አስበው። አርባ ኪሎ እህል ስታነሳ አይተውህ ይሆናል፣ ወይ ከልጆች ጋር ስትሯሯጥ። አላውቅም። ብቻ በሩን ገርበብ ያደረጉልህ ይመስለኛል። ሰው በሌለበት፣ ጠዋት በረንዳ ላይ ሲቀመጡ ጠጋ በልና ንገራቸው። ረጅም ወሬ አያስፈልገውም። «አባባ፣ ወገቤ ደህና ነው። ማንዋል ነድቼ አላውቅም ነበር፣ አፍሬ ነው ያልተናገርኩት። መማር ጀምሬአለሁ።» ይበቃል። ስለ አሜሪካ መንገድ፣ ስለ በረዶው አታብራራ። ዝም ቢሉህም ዝም በል፤ የሳቸው ትውልድ ዝም ብሎ ብዙ ነገር ይምራል።

ከዚያ አሰልጣኙ ጋር ጨርሰህ እግርህ ሲረጋ፣ ሜዳ ሜዳውን ከጎንህ እንዲቀመጡ ጠይቃቸው። ዐይናቸው ቢደክም ጆሯቸው አለ። ያቺ መኪና ማርሽ ስትፈልግ የምታሰማውን ድምፅ ከሳቸው በላይ የሚያውቅ ሰው የለም። «አሁን ቀይር» ሲሉህ ትቀይራለህ። ከታመሙ ወዲህ ሁሉም ሰው ለሳቸው ነገር እያደረገላቸው ነው የሚኖሩት፤ አንድ ሰው እሳቸውን ፈልጎ ሲመጣ ምን እንደሚሰማቸው አስብ።

የመሸጡን ሐሳብ በተመለከተ፣ አሁን አይሆንም ነው የምልህ። መኪናዋ ያንተ አይደለችም፣ ይሄ አንድ። ሁለተኛ፣ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ አገር ውስጥ ያለ ጥሩ ሃይሉክስ ከእጅ ከወጣ መመለሱ ቀላል አይደለም። በዚያ ገንዘብ የምታገኛት አውቶማቲክ ምናልባት ትንሽ የቤት መኪና ትሆናለች፤ ለከተማ ትበቃለች፣ እህልና ዕቃ ግን አትጭንም። የኤሌክትሪክ መኪና ከሆነ የምታስበው፣ እሱ ማርሽ የመቀየር ጣጣ የለውም፣ ነገ ሁላችንም ወደዚያው ነን። ግን ቻርጅ የት ታደርጋለህ፣ ደንገጎን ወጥተህ ሐረር ደርሰህ ለመመለስ ይበቃሃል ወይ፣ ዋጋውስ፣ ይሄ ሁሉ ተረጋግቶ የሚታይ ነገር ነው። አሁን ብትሸጠው ከፍሪሲዮን ሸሽቶ ሸጠው ነው የሚባለው፤ አንተም ሌሊት ለራስህ እንደዚያው ነው የምትለው። መንዳቱን ከቻልክ በኋላ መሸጥ ብታስብ ግን ሌላ ጨዋታ ነው፣ ያኔ ባለቤትህም ታዳምጥሃለች።

ያን ልጅ ደግሞ አትቀየመው። ድሬ የሚወዱትን ሰው ነው የሚያላግጡበት፤ የማይወዱህማ ቢሆን «አይዞህ፣ ትችላለህ» ብለው በጨዋ ደንብ ያልፉህ ነበር። አንድ ቀን ራስህ ቀድመህ ቀልደው፦ «ና እስኪ፣ ራሱ የሚነዳውን መኪና ላሳይህ» በለው። አንድ ነገርም ጠይቀው፣ ጠባብ ሰፈር ውስጥ ወደ ኋላ መውጣትን ለምሳሌ። ባጃጅ ነጂ እሱን ያውቅበታል።

እና ስትችል ቁልፉን ከባለቤትህ እጅ አትንጠቅ። ተካፈሉት። እሷ በመንዳቷ የጎደለብህ ነገር የለም፣ እንዲያውም የዚያን ቀን ግቢ ውስጥ አንድ የምትችል ሰው ባትኖር ኖሮ አማትህ ሐረር የሚሄዱት በኮንትራት መኪና ነበር።

የወረቀቱንም ነገር አትተወው። የያዝከው የአሜሪካ መንጃ ፈቃድ ከሆነ ወደ ኢትዮጵያ ፈቃድ ለማስቀየር ምን ምን ሰነድ እንደሚጠየቅ ከተማችሁ ያለው የመንጃ ፈቃድ ክፍል ሄደህ በአካል ጠይቅ። ሰነድ ማረጋገጥ ጊዜ ይፈጃል፣ ስለዚህ ከልምምዱ ጎን ለጎን ጀምረው። የመኪናዋ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስም አለማለፉን እግረ መንገድህን እይ፤ አደጋ ቢደርስ መጀመሪያ የሚጠየቀው ሾፌሩ የሚሠራ ፈቃድ ነበረው ወይ የሚለው ነው። እስከዚያው ባለቤትህ ትንዳ። አንተ ከጎኗ ስትቀመጥ ስልክህን ኪስህ ክተትና መቼ መቼ ማርሽ እንደምትቀይር በጆሮህ ተከታተል።